ምጥ የማን ቅጣት ነው?

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ልክነው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ሹም ሲያማ «ልክ ነው» ይላል፤ ሰውየው ሄዶ ሌላው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ሹም ሲያመሰግን አሁንም «ልክ ነው» ይላል። አንድ ቀን ሁለቱ በአንድ ሰዓት ገጠሙና በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጠው ፍርዱን ጠበቁ። እሱ ቶንዶሱን እያራገፈ፣ «እኔ ምላጭ ይዤ አልከራከርም» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ጸና።

ሰው ይሳቅ እንጂ ለእሱ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ይፈራል። ሁለት ሰዎች ሲኳረፉ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ከልጅነቱ የመጣ ነው። አባቱ በጊዜ ሞቶ እናቱ ናት በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ እየተኮሰች ያሳደገችው። ከሥራ ስትገባ ክንዷ በካውያ ተለብልቦ፣ እግሯ አብጦ፣ ትዕግሥቷም እዚያው ላውንደሪ ቀርቶ ነው። ልጁ በሩ ሲከፈት ፊቷን አይቶ የሚወራበት ቀን ይሁን አይሁን ያውቃል። «ዝም አይነቅዝም» ትለው ነበር። እሱም ዝምታን እንደ እህል ሲያከማች አደገ።

ሚስቱን ያገኛት መነጽር ቤት ነው። ዓይኑ ደከም ብሎበት ቢሄድ እሷ እዚያ ሠራተኛ ናት፤ ያን የሚከብድ የመመርመሪያ መነጽር አፍንጫው ላይ አድርጋ መስታወቱን እየቀያየረች፣ «የቱ ይሻላል? ይሄ ወይስ ያኛው?» ትለዋለች።

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው።»

«ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ አይችሉም፤ ዓይንህ ነው እንጂ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም። አንዱን ምረጥ።»

ላቡ መጣ። በመጨረሻ እሷ ራሷ መረጠችለት፤ ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የማያስፈልግ ነገር እየፈለገ ወደ መነጽር ቤቱ ተመላለሰ፤ መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ መሳቢያ ሙሉ ገዛ። «ልታገባኝ ነው ወይስ ጨርቅ ልትነግድ?» ያለችውም እሷ ናት።

እናቱ አብራቸው መኖር ስትጀምር አማትና ምራት እሳትና ጭድ ይሆኑብኛል ብሎ እንቅልፍ አጣ። እነሱ ግን ተስማሙ። ምራቲቱ የማንበቢያ መነጽር አስለክታ ሰጠቻት፤ ለዓመታት መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ከመያዝ በቀር ፊደሉን መለየት ያቃታት ሴት፣ ማታ ማታ ጮክ ብላ እያነበበች ቤቱን የቄስ ትምህርት ቤት አስመሰለችው። የሚስቱ ሆድ መግፋት ሲጀምርም ንባቡ ቀጠለ።

እርግዝናው ብዙ ተጠብቆ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ደስታውን ያህል ፍርሃቱ በዛ። ደም ግፊቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ እግሯ ያብጣል። ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ላይ ሆኖ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቡ ትሰቀላለች። ቀን ፊቱን አረጋግቶ ውሎ፣ ማታ ሚስቱ ወንበር ላይ ስታንጎላጅ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን በዓይኑ ይከታተላል።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ እናቱ የፍጥረትን ታሪክ እያነበበች ሴቲቱ ፍሬውን ቆርጣ ለባሏ ከሰጠችበት ደረሰች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ምራቲቱ እግሯን ትራስ ላይ እንደሰቀለች። «እባቡ ያን ሁሉ ሲያወራ አዳም የት ነበር?»

«አብሯት ነበረ ነው የሚለው።»

«አጠገቧ ቆሞ? ታዲያ አፉን ምን ያዘው?»

እናቱ መነጽሩ ከአፍንጫዋ እስኪንሸራተት ሳቀች። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልሳቀም። ስለ እሱ የተነገረ መሰለው፤ ለምን እንደመሰለው ግን ለራሱም አልነገረውም።

«ሳቁ ሳቅ ነው፤ ቃሉ ግን ቃል ነው» አለች እናቱ እንባዋን እየጠረገች። «እሷ በጀመረችው እኛ እስከ ዛሬ በምጥ እንከፍላለን።»

«እሱስ በምን ይከፍላል?»

«በላቡ ነዋ። ጥሮ ግሮ ብላ ተብሏል።»

«እማማ፣ ገበሬው ትራክተር ሲነዳ "ምነው ላብህን አታንጠፈጥፍም፣ ተጽፎብህ የለም ወይ" ብሎ የተቆጣው ሰው አይተው ያውቃሉ? የሱ ቅጣት ማሽን ተገዛለት። የእኛ ጊዜ ብቻ ነው ቃሉ የሚጠብቀው። እኔ ክትትል ስሄድ የነገሩኝ የጀርባ መርፌ አለ፤ ሕመሙን ይቀንሳል፤ እፈልጋለሁ ብያቸዋለሁ።»

የእናቱ ፊት ተለወጠ። መጽሐፉን ዘጋችው። «ያንን በኔ ፊት አትድገሚው፣ ልጄ» አለች፤ ቁጣ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበረበት ድምፅዋ። ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

«ልክ ነው» አለ።

«የቱ ነው ልክ?» አለች ሚስቱ።

ውኃ ልቅዳ ብሎ ተነሣ።

ነገሩ ግን አልለቀቀውም። በነጋታው ከልማዱ ወጥቶ እሱ ራሱ በፀጉር ቤቱ ጥያቄ አነሣ። ወንበሩ ላይ የነበረው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙ ጨርቅ ነጋዴ። «እንዲያው...» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «የሴት ልጅ ምጥ ቅጣት ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩት፤ ልክነው ሲጠይቅ ሰምተው አያውቁም።

«ወንዱ ቀድሞ ተፈጠረ፤ ራስ ነው። እሷ ቀድማ ሳተች» ጀመረ ሰባኪው።

«ቀድሞ መፈጠር ክብር ከሆነማ እንስሶቹ ይቀድሙናል፤ በጉን ተነሥተን እንቀበለው» አለ ነጋዴው። «በእኛ ኪታብ ሁለቱም ናቸው የተሳሳቱት። ሁለቱም አብረው ማሩን አሉ። እሷን ለብቻዋ አይወቅሳትም።» ከዚያ ጢሙን አሻሸና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ይባል እንጂ፣ እኛም ቤት ወጡ ሲያር የምትወቀሰው እሷው ናት።»

ሰባኪው ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን አሰብ አደረገ። «እውነቱን ለመናገር ርጉም የተባለው እባቡ ነው፤ መሬቱም ነው። እሷን ርጉም ያላት ቃል የለም። ሕመሙ ግን ተነግሯል። ይሁን ብሎ ፈርዶ ነው ወይስ ይሆናል ብሎ ተንብዮ፣ እሱን ስንከራከር ኖረናል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ምን ይላል? በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ጥንድ ዓይን አየ። ምላጩ አዳለጠውና የሰባኪውን ጆሮ ጫፍ ነካው፤ ደም ጠብ አለ። ይቅርታ ሲጠይቅ፣ አልኮልና ጥጥ ሲያቀርብ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። ያን ቀን ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘጋ።

ወሯ ገብቶ ምጡ አንድ ቀን በጠዋት መጣ። ታክሲ ውስጥ ሚስቱ በግራ፣ እናቱ በቀኝ፣ እሱ መሃል ተቀምጦ ሁለቱም እጁን ጨምቀው ያዙት፤ የሚያምጠው እሱ ይመስል ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሚስቱን ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገቧት፤ እነሱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ያዙ። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ቀለሙ ወዝቶ ጠቁሯል። የበረኪና ሽታ ይከረፋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ብድግ ይላል፤ ነርሶቹ ግን በአጠገቡ ያልፋሉ እንጂ አያዩትም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንዲት አዋላጅ ነርስ ወጣችና የሚስቱን ቤተሰብ ጠራች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ችኮላ አትወድም የምትመስል ሴት ናት።

«ምጡ ገና ነው። ግፊቷ ግን ጨምሯል። ዶክተሯ የጀርባውን መርፌ ብትወስድ ይሻላል ብላለች፤ ሕመሙ ሲቀንስ ግፊቱም ረገብ ይላል።»

«እሷስ ምን አለች፣ ሲስተር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ጠዋት እፈልጋለሁ ብላኝ ነበር። አሁን "እማማ ካልወደዱት ይቅርብኝ" ትላለች።»

«ደግ ብላለች» አለች እናቱ ከወንበሩ ሳትነሣ።

አዋላጇ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «እናቴ፣ እሷንም ልጁንም አይጎዳም።»

«አንቺ ወልደሻል?»

«ሁለት።»

«በመርፌ?»

«አይ፤ ያኔ እዚህ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ግን ተንበርክኬ እለምናቸው ነበር።» ተነሣችና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ዛሬ አንድ ነው፤ ወደ ቀዶ ጥገና ሊጠሩት ነው። ሴቲቱ ፈርታ ነው እንጂ ፍላጎቷ አልጠፋም። ቶሎ አናግራት።»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የሚስቱ ጩኸት መጣ፤ እሱ ባለበት ደነዘዘ። ቀጥሎ ሌላ ሊመጣ ሲል መሃል ላይ ተቆረጠ። ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራው፤ የታፈነ ነገር መሆኑ ገባው።

እናቱም ሰማችው። «ጎሽ» አለች፤ ግን ከንፈሯ ነጥቷል። «እኔም እንዲሁ ጨርቅ ነክሼ ነው...»

«እኔን ስትወልጂ?»

«አንተን አይደለም።»

ወደ እሷ ዞረ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ወለሉን ታያለች።

«ከአንተ በፊት አንዲት ነበረች። ምጡ ሲጠናብኝ የአባትህ እናት በሩ ሥር ተቀምጣ "ዝም በይ፣ የሔዋን ነው፣ ሁላችንም አልፈነዋል" ትለኝ ነበር። ክፋት አልነበራትም፤ እሷም የተባለችው ያንኑ ነው። ዝም አልኩ። ደም ሲፈሰኝም ዝም አልኩ፤ እንደዚያ ነው የሚሆነው መስሎኝ። ሰው የተጠራው እኔ ራሴን ስስት ነው።» ጠምጥማ የያዘችውን የነጠላዋን ጫፍ ፈታችው። «ፀጉር ነበራት። ብዙ ፀጉር።»

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ ያላወቃት እህቱ እዚያ ኮሪደር ላይ ድንገት መጥታ በመካከላቸው የተቀመጠች መሰለው። «እማዬ... እንዲህ ሆኖብሽ እያለ ታዲያ ለእሷ እንዴት...»

«አይገባህም!» አለች ቀና ብላ። «ቅጣት ከሆነ ምክንያት አለው። በሴት ሁሉ ላይ የወረደ ነው፣ እኔን ለይቶ አልመታኝም ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን በአንድ መርፌ የሚቀር ነገር ነው ካላችሁኝ፣ የእኔዋ በምን ሞተች? ጮኼ ብጠራ ትተርፍልኝ ነበር ማለት ነው? እሱን ነው የምትነግረኝ?»

ያቺ የለመዳት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ልክ ነው ቢላት ሚስቱ በር ኋላ ጨርቅ ነክሳ ትቀራለች፤ ልክ አይደለም ቢላት የእናቱን የዕድሜ ልክ መጽናኛ ከእጇ መንጠቁ ነው። በዚህ መሃል ማደንዘዣ ሰጪው ከክፍሉ ወጥቶ በኮሪደሩ ጫፍ ሲታጠፍ አየው፤ ልቡ አብራው ታጠፈች።

«አላውቅም፣ እማዬ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «በምን እንደሞተች አላውቅም። አንቺ ግን አላጠፋሽም። እሷም ውስጥ ያለችው አላጠፋችም። ገብቼ ላናግራት ነው።»

«እኔ አልወደድኩትም በላት።»

«እነግራታለሁ። የሚያማት እሷን ነውና እሷ ትወስን።»

ሲገባ ሚስቱ ወደ ጎን ዞራ የፎጣ ጫፍ ነክሳለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ፎጣውን ከአፏ ቀስ አድርጎ አወጣው።

«ጩኺ።»

«እማማ ይሰሙኛል...»

«ብትሰማሽ ይሻላታል። መርፌውን ትፈልጊያለሽ?»

«እሳቸውስ?»

«እሷ አልወደደችውም።»

«አንተስ?»

«እኔ...» ፎጣውን እጁ ላይ ጠቀለለው። «ውሰጂው ነው የምለው።»

እንዲያ እየተሰቃየች ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችውና ወደ አዋላጇ ዞረች። «ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? ባሌን አምጡልኝ» አለች። ቀጥሎ የመጣው ሕመም ሳቋን ወሰደው፤ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች። ከዚያ «ስጡኝ» አለች፤ «አሁኑኑ ስጡኝ።»

ግን ባለሙያው ቀዶ ጥገና ገብቷል። መጠበቅ ነው አሉት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የፈጀሁት ጊዜ ነው ይሄን ያመጣው እያለ ራሱን በላ። ሚስቱ እጁን ትጨምቃለች፤ በክንዷ ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ በየጊዜው ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ አዋላጇ ቁጥሩን አይታ ምንም ሳትል ዞር ትላለች። ያ ምንም አለማለቷ ነበር የገደለው። «ስንት ነው?» ሲላት «ታገሥ» ትለዋለች። በሩ ገርበብ ሲል እናቱን አያት፤ ከወንበሩ ተነሥታ በሩ ፊት ቆማለች። ጩኸቱ በመጣ ቁጥር ትከሻዋ ይነቃነቃል፤ አልሄደችም፣ አልገባችምም።

ባለሙያው ሲመጣ ቆቡን እንኳ አላወለቀም። ወገቧን አጎንብሳ እንድትቀመጥ አደረጓት፤ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻዋን ደግፎ ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ ስለት ይዞ የኖረ ሰው፣ ያንን ረጅም መርፌ ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚስቱ ጣቶች በእጁ ላይ ላሉ። ፊቷ ተፈታ። እሱ ግን ይህንንም ጸጥታ አላመነውም። «ትተነፍሳለች?» አለ። «አንተ ብቻ ተንፍስ» አለችው አዋላጇ።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ተወለደ፤ ወንድ ነው። ወዲያው አላለቀሰም። ወስደው ጀርባውን ሲያሹት፣ አፉን ሲያጸዱለት ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መተንፈስ ያቆመ መሰለው። ከዚያ ቀጭን፣ የተናደደ ድምፅ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «እሱንም አልጋ ስጡት» አለች ሚስቱ።

ለእናቱ ሊያበስር ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ኮሪደሩን አየ፣ ግቢውን አየ፤ የለችም። ስልኳ አይነሳም። ደስታው በአንድ ጊዜ ከላዩ ላይ ተገፈፈ። ታክሲ እስኪያገኝ አልጠበቀም፤ በእግሩ እየሮጠ፣ መንገድ ሲሻገር እየተሰደበ፣ ልጁን አግኝቼ እናቴን አጣሁ እያለ ቤት ደረሰ።

እናቱ ካውያ ይዛ ቆማ ነበር። አዋላጇ ሁለቱም ደህና ናቸው ስትላት ተነሥታ ወጥታለች። ቀድማ የተኮሰቻቸውን የሕፃን ልብሶች እንደገና ትተኩሳለች፤ አንዷን ልብስ ዘርግታ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ መልሳ ትዘረጋታለች።

«በሕይወት አሉ?» አለች ቀና ሳትል።

«ነግረውሽ የለም? አሉ።»

«ካንተ ልስማው ብዬ ነው። ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ካውያውን ነቀለችና ወንበር ሳትፈልግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። እሱ ከጎኗ ተቀመጠ።

ሚስቱ ከልጁ ጋር ቤት ስትገባ አማቲቱ ተቀበለቻት፣ አጠበቻት፣ ልጁን አቀፈች፤ ግን ንግግሯ ቁጥብ ሆነ። ማታ መጽሐፏን አታነብም። አንድ ጠዋት ወደ ሃይማኖት አባቷ ሄዳ ስትመለስ፣ «ምን አሉሽ?» ብሎ ልጇ ጠየቃት። «ብዙ አሉኝ» አለች። «ደግ ሰው ናቸው። ግን እሳቸው አልወለዱም።» ተጽፏል ማለቱን አልተወችም፤ ቅጣት የሚለው ቃል ግን ከአፏ ሲወጣ የሰማት የለም።

ፀጉር አስተካካዩ ስሙ አልተለወጠም፤ ሰፈሩ ልክነው እንዳለው ነው። አንድ ደንበኛ ስለ ሴት ልጅ ተንኮል ሲያወራ ግን ቶንዶሱን አጥፍቶ «እኔ እንኳ አይመስለኝም» አለው። ሰውየው ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ለአፍታ አፍጥጦ አየው። ተቆርጦ ጨርሶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ጥላ ባየ ቁጥር እሱ ይሆን እያለ ሳምንት ሙሉ ሲጨነቅ ከረመ።

አንድ ከሰዓት ምሳ ሊበላ ቤት ሲገባ ከጓዳ የሁለቱ ሴቶች ሹክሹክታ ተሰማው። ልጁ ተኝቷል። እናቱ የሞተችባትን የዚያችን ልጅ ነገር ለምራቷ ትነግራት ነበር፤ ስም አውጥታላት እንደነበር፣ ለማንም ተናግራው እንደማታውቅ። ስሙን ለምራቷ ጆሮ ብቻ ነገረቻት፤ እሱ አልሰማውም።

ከዚያ ሲኒ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ያ መርፌ...» አለች እናቱ፣ «ራሱ ያማል እንዴ?»

«ሲገባ ትንሽ፣ እማማ።»

«ትንሽ ከሆነ ደግ ነው።»

ከሁለቱ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለም። እጁን በሩ ላይ አድርጎ ልግባ፣ አልግባ እያለ ቆየ። በመጨረሻ አልገባም፤ ጫማውን አውልቆ፣ ልጁ እንዳይነቃ በጣቱ እየረገጠ ሄዶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠና ትንፋሹን ያዳምጥ ጀመር።